እትዬ ማንቀረ እና የጠፋችው ጣቢያ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው ያለው፤ የመጣውን የሚቆጥርና የቀረውን የሚቆጥር። የመጀመሪያው ዓይነት ደስተኛ ፍጡር ነው። ሠርግ ቤት ይገባል፣ አዳራሹ ሞልቶ ያያል፣ «አቤት ሰዉ!» ብሎ ይቀመጣል። ሁለተኛው ግን በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን እያሰገገ «የሙሽራው አክስት የለችም እንዴ?» ይላል። አምስት መቶ እንግዳ ፊቱ ተቀምጦ ለእሱ የምትታየው ያልመጣችው አንዲት ሴት ናት። እንዲህ ዓይነት ሰው በየቤተሰቡ አንድ፣ በየመሥሪያ ቤቱም አንድ አይጠፋም። ሁለት የደረሰው መሥሪያ ቤት ካለ እግዜር ይሁነው።

ለእኛ የደረሱን ክብርት እትዬ ማንቀረ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን እሱን የሚያስታውሰው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው። የጤና ቢሮው የመረጃ ክፍል ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የመኪና ማቆሚያውን በሚያየው መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው፤ ኪቦርዱን የሚመቱት በሁለት ጣት ነው፤ ቢሮው ግን የሚንቀሳቀሰው በእነዚያ ሁለት ጣቶች ነው። መረጃ በካርድና በመሳቢያ ይያዝ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ናቸው። የእኔ ጠረጴዛ ከእሳቸው አጠገብ ስለሆነ ስለ እሳቸው ለመናገር ከእኔ የተሻለ የተሠቃየ ምስክር አይገኝም።

ሊፍት ውስጥ ከእሳቸው ጋር የገባ ሰው ቀጠሮውን ይሰርዝ። በሩ ሊዘጋ ሲል እግራቸውን ያስገቡና «ማን ቀረ?» ይላሉ። «የሒሳብ ክፍሏ ልጅ እየመጣች ነው፣ አንዴ ታገሡ።» የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ገና ወንበሯ ላይ ናት፤ መሄድ እንዳለባትም አልወሰነችም። ሊፍቱ ይጮኻል፣ ሰዉ ያጉረመርማል፣ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ።

አንድ ጊዜ ለሥልጠና ከከተማ ልንወጣ አውቶቡስ ተሳፍረን፣ ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ያሉት መተኛት ጀምረው ነበር። እትዬ ተነሡ። «ማን ቀረ?» ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ማንም!» አልን። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በጣታቸው ቆጠሩን። «ሠላሳ ሰባት ነን። መሆን ያለብን ሠላሳ ስምንት ነው።» ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። አንዱ ከኋላ «እትዬ፣ የቀረ ፈልጎ ነው የቀረው!» ብሎ ጮኸ። እሳቸው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወረዱ። ሃያ ደቂቃ ቆይተው ዳይሬክተሩን ይዘው ተመለሱ። የመጸዳጃ ቤቱ በር እጀታ በእጁ ቀርቶ፣ ስልኩን አውቶቡሱ ወንበር ላይ ትቶ፣ ውስጥ ተቆልፎ ሲያንኳኳ ነበር። አለቃችን ሳይኖር ልንሄድ የነበርን ሠላሳ ስድስት ታማኝ ሠራተኞች በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርን።

አሁን ወደ ራሴ ውርደት ልምጣ። ዳታቤዝ ብዙ ሠንጠረዦች አብረው የሚኖሩበት ቤት ነው። በአንዱ ሠንጠረዥ የሠራተኛው ስም አለ፣ በሌላው የልጆቹ። ሁለቱን በመለያ ቁጥር ታጋባቸዋለህ፤ ይህን በሙያው ጆይን እንለዋለን። ካጋባህ በኋላ ትቆጥራለህ፣ ትደምራለህ። ኮምፒዩተሩን እንዲህ አድርግ ብለህ የምታዝበት ጽሑፍ ደግሞ ኩዌሪ ይባላል። እኔ ኩዌሪ በመጻፍ አገር ያወቀኝ፣ ፀሐይ የሞቀኝ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

አስተዳደር ክፍሉ የደንብ ልብስ ዝርዝርና የቤተሰብ መረጃ በአንድ ወረቀት እንዲመጣለት ጠየቀ። ሠራተኛን ከልጆች ጋር አጋባሁና በአምስት ደቂቃ አስረከብኩ። ልብሱ ሲታደል፣ ስድስት ልጆች ያሉት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ስድስት ጃኬት ተቀበለ፤ በየልጁ አንድ መስመር ወጥቶለት ኖሯል። «የተከበረ ቢሮ ነው፣ ልፋቴን አየልኝ» እያለ ተሸክሞ ሄደ። ወንደላጤዎቹ ግን ልጅ ስለሌላቸው ከዝርዝሩ ላይ ጠፍተው በብርድ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ከእነሱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

እትዬ ወረቀቱን አይተው አልሳቁም። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ከማጋባትህ በፊት ቁጠር፣ ካጋባህም በኋላ ቁጠር። ከበዛ አባዝተሃል፤ ካነሰ ጥለሃል።» ይህን ዓረፍተ ነገር በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ እንደሚወሰድ መድኃኒት እየደጋገሙ አስዋጡኝ። ሰው ከስህተቱ ይማራል ይባላል። የእኔ ግን የሞኝ ለቅሶ፣ መልሶ መላልሶ ሆነ።

ቢሮአችን ሃያ ስድስት የማዋለጃ ጣቢያዎችን ይከታተላል። አዲሱ ደንብ ግልጽ ነው፤ ሦስት ሩብ ዓመት በተከታታይ ሪፖርት ያልላከ ጣቢያ ይዘጋል፣ አልጋዎቹ ለሌላ ይሰጣሉ፣ አዋላጇም ትዛወራለች። የሪፖርቱን ኩዌሪ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጣቢያዎቹን ሠንጠረዥ ከአደጋ መዝገቡ ጋር አጋብቼ፣ በየጣቢያው ስንት እናትና ሕፃን በወሊድ ጊዜ አደጋ እንደገጠማቸው ይቆጥራል፤ ዝርዝሩ ላይ ያልወጣ ጣቢያ ሪፖርት እንዳልላከ ይታያል። በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል አለው። ስብሰባ ላይ ደረቴን ነፍቼ አቀረብኩት።

ዳይሬክተሩ ፊት የጣቢያ አሥራ ዘጠኝ መዝጊያ ደብዳቤ ተዘርግቷል፤ እስክሪብቶው ተከፍቷል። ከጥግ ድምፅ መጣ።

«ማን ቀረ?»

«አሥራ ዘጠኝ ናት፣ እትዬ» አለ ዳይሬክተሩ። «ሦስት ሩብ ዓመት ሙሉ ሪፖርት አልላከችም።»

«አልላከችም ያለው ማነው?»

የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። «ሲስተሙ» አልኩ። ሰው «እኔ» ለማለት ሲያፍር የሚጠራው ዘመድ ሲስተም ነው።

እትዬ ዳይሬክተሩን «መዝገቡን ልየው» አሉት። እሱም እስክሪብቶውን ከደነና «ሠላሳ ደቂቃ» አለ። ወደ ክፍላችን የሄዱት እየሮጡ ነው ብል ማንም አያምነኝም፤ እኔ ግን ከኋላቸው ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ተቆርጧል።

የወሊድ መዝገቡን ከፈቱ። ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ፣ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ወሊድ። ሁሉም በቀኑ ተልኳል፣ አንድም የጎደለ የለም። የአደጋ መዝገቡን ከፈቱ። ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ፣ ምንም። አንዲት መስመር እንኳ የለችም። ክው ብዬ ቀረሁ። የእኔ ጆይን በሁለቱም ሠንጠረዥ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያወጣው፤ አደጋ ያላገኛት ጣቢያ የምትጋባው ነገር ስለሌላት ወድቃለች።

«ልጄ» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምንም ስላልደረሰባት ነው እኮ የጣልካት።»

የጣቢያዋ አዋላጅ እናት ሳትደማባት፣ ሕፃን ሳይታፈንባት ዘጠኝ ወር አዋልዳለች። እኔ ደግሞ በአንዲት ኩዌሪ ከቦታዋ ላስነቅላት ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም።

ወንበሩን ነጥቄ ተቀመጥኩ። በግራ በኩል ያለው ሠንጠረዥ ጥንድ ቢያገኝም ባያገኝም ሁሉም እንዲወጣ የሚያዝ ሌላ ዓይነት ጆይን አለ፤ እሱን ተካሁ። ሃያ ስድስት መስመር ወጣ! አሥራ ዘጠኝም ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ዘልዬ ተነሥቼ ወደ በሩ ስሮጥ ሹራቤን ከኋላ ያዙኝ።

«ና ወዲህ። ይህ አንድ የማን ነው?»

ተመልሼ አየሁ። ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ፣ አደጋ፦ አንድ።

«ምን አንድ? ከየት መጣ?»

«መስመር ነው የቆጠርከው። ጥንድ ባታገኝም እሷ ራሷ አንድ መስመር ናት። ባዶውን ወንበር እንግዳ ብለህ ቆጠርከው።»

ሰዓቱን አየሁ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶናል። «እትዬ፣ አንድ ብትሆንስ? ከጣቢያዎቹ ሁሉ ያነሰች ናት፣ አትዘጋም። ማን ያውቃል?»

«አዋላጇ ታውቃለች» አሉ።

መስመሩን ትተው ከአደጋ መዝገቡ የመጣውን ብቻ እንዲቆጥር በሁለት ጣታቸው አስተካከሉ። ዜሮ ወጣ። ወሊዱን ለብቻው ደምረው አመጡና አጠገቡ አስቀመጡት፤ እንዳይባዛ። ከዚያ እኔ ያልጠበቅሁትን ሦስተኛ ሠንጠረዥ ጎትተው አመጡ፤ ትልቁ ሆስፒታል ከየጣቢያው የተቀበላቸውን እናቶች መዝገብ። ከማጋባታቸው በፊት ቆጠሩ፣ ካጋቡም በኋላ ቆጠሩ። ፕሪንተሩ ወረቀቱን ሲተፋ አራት ደቂቃ ቀርቶን ነበር።

ወደ ስብሰባው ክፍል ስንገባ ወረቀቱን ዳይሬክተሩ ፊት፣ ልክ መዝጊያ ደብዳቤው ላይ አስቀመጡት። እሱ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። ምክትሉ አንገቱን አስግጎ አየና «ዜሮ?» አለ። «አልደረሰም ነው ወይስ አልመዘገበችም? ደብቃ ቢሆንስ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ምን ይደረግ። ዳይሬክተሩ ጣቢያው ጋ ደወለና ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጦ ድምፁን ከፈተው። ችኩል የሴት ድምፅ መጣ።

«አቤት! ቶሎ በሉ እባካችሁ፣ አንዷ ምጥ ላይ ናት።»

«የአደጋ መዝገብሽ ለምን ባዶ ሆነ?» አለ ምክትሉ።

«አልደረሰማ! ያልሆነ ነገር ፈጥሬ ልጻፍ?»

«ዘጠኝ ወር ሙሉ? እንዴት?»

«እኔ እንጃ» አለች፣ «ሰኞ ለምርመራ የምትመጣውን እናት በስም ጽፌ እጠብቃለሁ። የመጣችውማ ደህና ናት፣ እግሯ አምጥቷታል። ያልመጣችዋን ማክሰኞ ጠዋት ቤቷ ድረስ ሄጄ አያታለሁ። ምልክቷ ካላማረኝ ምጡ ሳይመጣ ወደ ሆስፒታል እልካታለሁ። ሌላ ምንም የማውቀው ብልሃት የለኝም።»

«የላክሻቸው ስንት ናቸው?» አሉ እትዬ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

«አሥራ አንድ።»

እትዬ የወረቀቱን ታች በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ሆስፒታሉ ከጣቢያ አሥራ ዘጠኝ የተቀበላቸው እናቶች አሥራ አንድ፤ ልጅ ታቅፈው በጤና ወደ ቤታቸው የተመለሱ አሥራ አንድ። ምክትሉ መነጽሩን አወለቀና «አበቃ፣ እኔ የምለው የለኝም» አለ።

ዳይሬክተሩ የመዝጊያ ደብዳቤውን አነሣ፤ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ቀደደው። እዚያው ቁጭ ብሎ በእጁ ሌላ ጻፈ፤ የሃያ አምስቱ ጣቢያ አዋላጆች በየተራ አሥራ ዘጠኝ እየሄዱ አሠራሯን እንዲማሩ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከሁሉም በላይ ማፈር የነበረብኝ ሰው ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ። ዳይሬክተሩ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ሲያነብላት ከስልኩ ማዶ «ኧረ በሕግ!» የሚል ጩኸት፣ ቀጥሎም የምታምጠዋ ሴት «ምን ተገኘ? ለእኔም ንገሩኝ!» ስትል ተሰማን።

«ሁልጊዜ እልካለሁ» አለች አዋላጇ፣ «ግን የሚያነበው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ማን ነው ያየኝ? ንገሩኝ፣ ስማቸውን ልወቀው። ማን ናቸው?»

ዳይሬክተሩ ስልኩን ወደ እትዬ ገፋላቸው። ሃያ ሁለት ዓመት አፋቸው አርፎ የማያውቅ ሴት መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ ጭነው በእጃቸው «እኔ አልችልም» የሚል ምልክት አሳዩ። «ሄሎ?» አለች አዋላጇ። «ጠፋችሁ? ማን ናቸው?»

ከእሳቸው አጠገብ አንሡኝ፣ ክፍል ቀይሩልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ የጻፍኩ እኔ፣ ማንም ሳይቀድመኝ ተንጠራርቼ ስልኩን ያዝኩ።

«የኛ ናቸው» አልኳት።