ካባ ለባሹ ሰውዬ በቀበሌያችን ስብሰባ

«አፍሽ ቢተኛም ዓይንሽ አይተኛም፤ ያየሽውን አንድ ቀን መናገርሽ አይቀርም።» እንዲህ ያሉኝ የስድስተኛ ክፍል አስተማሪዬ ናቸው፤ ልዳር ነው ብዬ ደብተሬን ሰብስቤ የወጣሁ ዕለት። እኔ መቼም ዝምተኛ ነኝ። ዝም ያለ ሰው ሲያዩ ወይ አዋቂ ነው ወይ ቂም ይዟል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ዝም የምለው ሌላው ተናግሮ እስኪጨርስ ስጠብቅ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ደግሞ ተናግሮ የሚጨርስ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በደርግ ዘመን ባለቤቴ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። አንድ ጊዜ ከወደብ ሲመለስ ለልጃችን ብሎ በሥዕል የተሞላ የፈረንጅ መጽሔት ይዞ መጣ። ልጃችን ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ መጽሔት ትበላ ነበር እንጂ አታነብም። ስለዚህ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ማንበብ ከተባለ። የእንግሊዝኛውን ፊደል እለይ ነበር፤ ትርጉሙ ግን ከስድስተኛ ክፍል በላይ ነበር። ከሥዕሉ እንደተረዳሁት ፊቱን የሸፈነ፣ ቢጫ ካባ የደረበ፣ የውስጥ ሱሪውን ከሱሪው በላይ ያደረገ ጎልማሳ በሰማይ ይበራል። ስለ ሱሪው ባለቤቴን ብጠይቀው «ቸኩሎ ይሆናላ!» ብሎኝ አረፈ። ብቻ ድልድይ ይሰነጠቃል፣ አውቶቡስ ገደል ሊገባ ይደርሳል፣ ሰውዬው ከሥር ገብቶ ድልድዩን በትከሻው ይሸከማል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ ከበታቹ አንድ መስመር ጽሑፍ አለ። አለቀ። ሰው እንዲህ አንጠልጥሎ ይተዋል?

በዚያው ሰሞን የማታ ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ምዝገባ ተጀመረ ሲባል ሰማሁ። ለመመዝገብ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የቀበሌ ደብዳቤ ሳይጠየቅ የሚበር ቢኖር ያ ካባ ለባሽ ብቻ ነበር። ማመልከቻዬን ሦስት ጊዜ ገልብጬ አሳመርኩና ልጄን አዝዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ካፊያ ሲጀምር ወረቀቱ እንዳይርስ መጽሔቱ መሀል ከተትኩት። ብልህ መሆኔ ነበር! ቢሮ ስደርስ ከድንጋጤዬ የተነሣ እንዳለ ለቀበሌው ሊቀመንበር አቀበልኳቸው። ጓድ ሊቀመንበር ሲገልጡት ከማመልከቻዬ በፊት ካባ ለባሹ ብድግ አለ።

አገላበጡት። ምን እንደሚል ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። ያኔ «አላውቅም» የሚል ሰው ከሚያውቀው እኩል ያስጠረጥር ነበር። እንግዲያው ቅዳሜ በውይይት ክበባችን የጽሑፉን ጠንካራና ደካማ ጎን ታቀርቢያለሽ፣ ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይታያል ብለው፣ ተዘጋጂበት ሲሉ መጽሔቱን መለሱልኝ። አልገረመኝም። ጠንካራና ደካማ ጎኑ የማይነገርለት ነገር አልነበረም፤ ስብሰባው እንኳ ሲያልቅ የራሱ ጠንካራና ደካማ ጎን ይነገርለታል። እኔ ግን ስብሰባ ላይ እጄን የማወጣው ሁሉም ሲያወጣ ብቻ ነበር። አሁን ሰባተኛ ክፍል መግባቴ በአፌ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቅዳሜ መጽሔቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እንግሊዝኛውን ማንበብ የቻለ ግን አልተገኘም። ጣጣው ከካባው ጀመረ። የወጣት ማኅበሩ ተወካይ ተነሥቶ ካባ የመሳፍንት ልብስ መሆኑን፣ ስለዚህም በራሪው ግለሰብ የፊውዳል ርዝራዥ መሆኑን አብራራ። ግማሹ አጨበጨበ። ሰባተኛ ክፍል ከነደወሉ ካባው ሥር ሲቀበር ታየኝ።

ይኼኔ ከመዘዞ በግ እየነዱ የሚመጡት ጋሽ ወልዴ በርኖሳቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ምኑ ነው ካባ? አንዲት የበግ ጠጉር የለበትም! በዚህ ስስ ጨርቅ ጣርማ በር ተራራ ላይ ቢበር ጉሙ ውስጥ ደርቆ ይቀራል። ባላባት እንዲህ አይለብስም፤ ይህ ያጣ የነጣ ድሃ ነው!» አሉ። ከአሊዩ አምባ በርበሬ እያመጡ የሚሸጡት ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ከጎኔ ተቀብለው፣ «ወላሂ ጋሽ ወልዴ፣ የእርስዎን በርኖስ ቢደርብማ ከመሬትም አይነሣ!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ጎኔን ጎሸም አድርገው «ተነሽ እንጂ ልጄ» አሉኝ።

ተነሣሁ። ጠንካራ ጎኑ ሳይጠሩት መምጣቱ ነው አልኩ፤ የማን ወገን ናችሁ ሳይል መሸከሙ ነው። ሠዓሊው ቀለሙ ከመስመር እየወጣ ቢያስቸግረውም ክብደት መሳል ይችላል፤ የሰውዬው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ የኔም ይንቀጠቀጣል። ደካማ ጎኑስ? እኛ ጣርማ በር ላይ አውቶቡስ ዳገቱ ሲያቅተው ሁላችንም ወርደን ጎማው ሥር ድንጋይ እናደርጋለን፣ እንገፋለን። እዚህ ግን ያ ሁሉ ተሳፋሪ አፉን ከፍቶ ያያል፤ አንድም የወረደ የለም። ደግሞ ልጅ ያቀፈች እናት አለች፤ መጽሔቱ ሙሉ አንዴ ብቻ ትናገራለች፣ እሱም ጩኸት ነው። ስለ መሸከም ከሷ የበለጠ ማን ያውቃል? ግን የጠየቃት የለም፣ አልኩና ተቀመጥኩ። ጀርባዬ ላይ ያለችው ልጄ ብቻ አጨበጨበች።

ጓድ ሊቀመንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማጠቃለያ ሊሰጡ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ድልድዩስ? ወደቀ ወይስ ቆመ?» አሉ።

መጨረሻው ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ እሱን ለማንበብ እኮ ነው ደብዳቤ የጠየቅሁት፣ አልኳቸው። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ እሳቸውን ማየት ጀመረ። «ይፈርሙላታ!» አሉ እትዬ ዘይነባ፤ «እስከ መቼ ድልድይ ሥር እንቆማለን?»

ፈረሙ። መጽሔቱ ለተጨማሪ ጥናት መሳቢያቸው ውስጥ ቀረ። ደብዳቤው ግን ከነማኅተሙ «አመልካቿ ትምህርቷን ቀጥላ የድልድዩን ሁኔታ ለውይይት ክበቡ እንድታሳውቅ» ይላል። ትምህርት ቤት ያለው መዝጋቢ ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ መንገድ ሥራ ውስጥ ነው እንዴ የምትሠሪው ብሎ ጠየቀኝ።

ያቺን የመጨረሻ መስመር ከቅዳሜው በፊት ቁራጭ ወረቀት ላይ ገልብጫት ነበር። ከምዝገባ ስመለስ አዲስ ደብተር ገዛሁና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፊደል በፊደል ጻፍኳት። ከሥሯ ለትርጉሙ አንድ መስመር ባዶ ተውኩ። ቀጥሎ እትዬ ዘይነባ ትዝ ሲሉኝ፣ ለሳቸው አስተያየት ብዬ ሁለት አደረግሁት።