ከህዳር ሚካኤል ቀጥሎ ያለው ሐሙስ

ከተማ የሆነ ከተማ ሁሉ የማያውቀውን አገር በዓል ከባለቤቶቹ አስበልጦ የሚያከብር አንድ ሰው አያጣም። ቡታጅራ በዚህ በኩል የምታፍርበት ነገር የለም፤ ክብርት ወይዘሮ ሰገነት አሉላት።

ወይዘሮ ሰገነት ስድስት ሴቶች የሚሠሩበት የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ናቸው። የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ ይሁኑ እንጂ በበዓል ጉዳይ ድንበር አያውቁም። በቴሌቪዥን ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ ካዩ በቃ፣ ያ ቀን የእሳቸው ነው። «ለመሆኑ ለምንድን ነው የሚከበረው?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ዝግጁ ነው።

«ደስታ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መታወቂያ የሚጠየቀው?»

አንድ ዓመት አፕሪል ዘ ፉል ነው ብለው ለእድሩ ጸሐፊ ደወሉና «ባለቤቴ አረፈ» አሉ። ስቀው ሳይጨርሱ ድንኳኑ ግቢያቸው ውስጥ ተተከለ። ባልየው ከገበያ ሲመለሱ በራሳቸው ለቅሶ ላይ ደረሱ። እድሩ ቀጣቸው፤ እሳቸው ግን «ምን አጠፋሁ? ማን እንደሚያለቅስለት በዓይኑ አየ» ብለው ድርቅ አሉ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ፈረንጆች የሚያስፈራሩበት ቀን ነው ብለው ዱባ ፈልፍለው፣ ዓይንና ጥርስ አውጥተውለት፣ ሻማ አብርተውበት ደጃፍ ላይ አስቀመጡ። የስፌት ቤቱ አንጋፋ ሀሊሜ አየችው።

«አስተግፊሩላህ! የሚበላ ነገር ላይ ጥርስ ይሠራል?» አለችና ሻማውን እፍ ብላ፣ ዱባውን ቆራርጣ ወጥ ሠራችው። ስድስቱም ከበው በሉት።

የወይዘሮ ሰገነት ሳቅ የቆመው ያኔ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሴቶቹ ከአንድ ትሪ ሲበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየታቸው ነበር። ለመስቀል ክትፎ ሲቀርብ ሀሊሜ የክርስቲያን ሥጋ ስለሆነ አትነካም። ለአረፋ ሀሊሜ በግ ስታርድ ደግሞ የሥራ ባልደረባዋ ፀሐይ «ጥግብ ብያለሁ» ትላለች። ፀሐይ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናት፤ ከዓመቱ ግማሹን በጾም ነው የምታሳልፈው። ሁሉም ይዋደዳሉ፤ ሁሉም ለየብቻ ይበላሉ።

ስለዚህ ወይዘሮ ሰገነት ባለቤቱ አጠገባቸው የሌለ፣ ሁሉም አንድ ትሪ የሚከቡበት በዓል ፈለጉ፤ የአሜሪካኖችን የምስጋና ቀን አገኙ። ፀሐይ ቀኑን ቆጥራ «ከህዳር ሚካኤል ቀጥሎ ያለው ሐሙስ ነው» አለች። አሜሪካኖቹ በዚያ ቀን የቱርክ ዶሮ ይበላሉ። እዚህ ግን ዶሮ ከታረደ ገበታው ለሁለት ይከፈላል፣ ደግሞም የነቢያት ጾም የሚገባበት ሰሞን ነው። ክብርትነታቸው ወሰኑ፤ ዶሮዋ ዱባ ትሁን። ሙሉ ዱባ ተቀቀለ፣ ሁለት ካሮት እግር ሆነው ተሰኩለት፣ ቆጮና በዘይት የተሠራ ጎመን ከጎኑ ተደረደረ። በጉራጌ አገር ቅቤ ያልነካው ጎመን ለእንግዳ ማቅረብ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አራት ዓመት በሰላም ተበላ። ዘንድሮ የሀሊሜ የወንድም ልጅ፣ የታሪክ መምህሩ ሙከሚል፣ «መጥቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ» ብሎ ዛተ። ሀሊሜ ድሮም «የፈረንጅ ነገር» እያለች አንድ እግሯን በር ላይ አድርጋ ነው የምትበላው። እሷ ከሄደች ፀሐይ ትከተላለች፤ በዓመት አንዴ የሚገኘው ያ ትሪም አበቃለት ማለት ነው። እድር የማይፈሩት ወይዘሮ ሰገነት ያን ሳምንት ፈሩ።

ሐሙስ ደረሰ፤ መምህሩም መጣ። ተቀመጥ ሲባል እንቢ ብሎ ቆመ።

«እትዬ ሰገነት፣ ይህ በዓል ታሪክ አለው። ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች በረሃብ ሊያልቁ ሲሉ የአገሬው ሰዎች እርሻ አስተማሯቸው፣ አብረዋቸውም በሉ። እንግዶቹ ሲበዙ ግን መሬታቸውን ነጠቋቸው። ከአገሬው ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም ቀኑን በሐዘን የሚያሳልፉት ብዙ ናቸው።»

ሀሊሜ እጇን ከትሪው ሰበሰበች። «ወላሂ ይሄ ግፍ ነው። እኔ አልበላም» ብላ ተነሳች። ፀሐይም ነጠላዋን አነሳች።

ወይዘሮ ሰገነት መምህሩን አፍጠው አዩት።

«ያበሉት ናቸው የተባረሩት?»

«አዎ።»

«ልጆቻቸውም ሐዘን ላይ ናቸው?»

«ናቸው።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ ሀሊሜ!» ብለው ጮኹ። «አንቺም ፀሐይ! አራት ዓመት ሙሉ ደስታ ቤት መስሎን የበላነው ለቅሶ ቤት ኖሯል። ከለቅሶ ቤት ማዕድ ረግጦ መውጣትን ከየት ተማራችሁት? ላበሉት ሰዎች እናዝናለን፣ ከዚያ እንበላለን። አንተም መምህር ተቀመጥ፤ መርዶ ነጋሪ ቆሞ አይቀርም።»

ለቅሶ ከተባለ ክርክር የለም። ቡታጅራ ለቅሶ ላይ የማንንም ሃይማኖት ጠይቃ አታውቅም። ፀሐይ «ነፍስ ይማር» አለች። ሀሊሜ ተመልሳ ተቀመጠች፣ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ «ምስኪኖች፣ አብልተው!» አለችና ከዱባው ቆረሰች። ሙከሚል «እንዲህ ማለቴ አልነበረም» ሊል አፉን ሲከፍት የአክስቱ ጉርሻ ዘጋው።

ከተማው በወይዘሮ ሰገነት ይስቃል፤ ይሳቅ። እሳቸውን የሚያህል ሰው ግን በቡታጅራ ቀርቶ፣ በዓሉን በፈጠሩት አገርም መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ትሪው ባዶ ሲሆን መምህሩ በር ላይ ዞር አለ። «እትዬ፣ ታሪኩ አሁንም በደንብ አልገባዎትም።»

«አልገባኝም» አሉ ወይዘሮ ሰገነት። «ለከርሞ መጥተህ እንደገና ትነግረኛለህ። ዱባውን አንተ ይዘህ ና።»