ኮምፒውተሩ የፈቀደው ላሜራ

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኮምፒውተር የተቀበለውን፣ ብረት እምቢ አይልም የሚሉ ሰዎች አላጋጠሟችሁም? አለቃቸው እኔ ነበርኩ! ሮቤ ከተማ፣ በአጎቴ ብረታ ብረት ቤት፣ ለአጋርፋ ወፍጮ ቤት የስንዴ ሣጥን በኮምፒውተር ነደፍኩ፤ አራት ጎን ያለው፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የሚመለስ። ስክሪኑ ላይ እንደ ነጠላ ተጣጠፈልኝ። ባለወፍጮው ነገ ይመጣል፤ ያለን ላሜራ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አለኝ አጎቴ፣ «የመጨረሻው ጎን ሲታጠፍ ሌሎቹ የት ይሄዳሉ?»

«አይስጉ አጎቴ፣ ኮምፒውተሩ ፈቅዷል!»

ሦስቱ ጎኖች ታጠፉ። አራተኛው ላይ ግን የቆሙት ጎኖች ከማጠፊያ ማሽኑ ጋር ተላተሙ። ለካ ስክሪኔ ውስጥ ላሜራ እንጂ ማሽን አልነበረም! አጎቴ አራተኛውን ጎን ቆርጦ ለብቻው አጠፈና መልሶ በየደው። ሣጥኑም ደረሰ።

በማግስቱ አጎቴ ኮምፒውተሬን ከቢሮ አውጥቶ ማጠፊያው አጠገብ አስቀመጠው።