ሦስተኛ ፎቅ የወጣ ጉልበት

የሰው ልጅ በሽታን ድል የሚነሳበት ዘመን እስካሁን የዘገየው የኔን ሹመት ሲጠብቅ ነው። የሆስፒታላችን ምርምር ክፍል ኃላፊ መሆኔ በማስታወቂያ ሰሌዳ በተለጠፈ በሳምንቱ ታላቁን ጥያቄ አነሳሁ፦ ለጉልበት ሕመም የሚሻለው አሮጌው ኪኒን ነው ወይስ አዲሱ ቅባት? ኮሚቴው አጨበጨበ። እኔም ትንሽ አጨበጨብኩ።

ሁለት መድኃኒት የሚወዳደርበት መንገድ የታወቀ ነው። በሽተኞቹን በዕጣ ለሁለት መክፈል፣ ሁሉንም እኩል መከታተል፣ ጠፍተው የቀሩትንም ከቁጥር አለማውጣት። ይህን ተማሪ ሳለሁ ሸምድጄ በከፍተኛ ማዕረግ አልፌበታለሁ፤ ካለፍኩ ወዲህ ግን አልተገናኘንም። ዕጣውን በሥርዓቱ አወጣሁ። ኪኒን የደረሳቸው ምድር ቤት እንዲታዩ፣ ቅባት የደረሳቸው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከቢሮዬ አጠገብ አዲስ ቀለም በተቀባው ክፍል እንዲታዩ መመሪያ አስተላለፍኩ። ለአዲስ መድኃኒት አዲስ ክፍል ይገባዋል። አሳንሰሩ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ያ ግን የጥገና ክፍል ጉዳይ ነው።

የመመሪያው አንቀጽ ሰባት እንዲህ ይላል፦ «በቀጠሮው ቀን በመመርመሪያ ክፍሉ በአካል ያልተገኘ ተሳታፊ ጥናቱን በገዛ ፈቃዱ እንዳቋረጠ ተቆጥሮ ከመዝገብ ይሰረዛል።» ያረቀቅሁት ራሴ ነኝ። ዛሬም ሳነበው አማርኛው ደስ ይለኛል።

መዝገቡን የምትይዘው ነርስ ሃያ ዓመት ሙሉ በሽተኛ ስታይ የኖረች ናት። እንዲህ ያለ ሰው ለምርምር ያስቸግራል።

«ዶክተር፣ ከስልሳዎቹ የቅባት ሰዎች ዛሬ እዚህ የደረሱት አሥራ ዘጠኝ ናቸው» አለችኝ በአራተኛው ሳምንት።

«የቀሩትስ?»

«ደረጃው ላይ ናቸው። አንድ አዛውንት እንደውም ሁለተኛ ፎቅ ደርሰው፣ ‹ላም አለኝ በሰማይ› ብለው ተመለሱ።»

«አሥራ ዘጠኙ እንዴት ናቸው?»

«እነሱማ ደህና ናቸው። ደህና ባይሆኑ በምናቸው ይወጣሉ?»

«በቃ! መቶ በመቶ!» ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። «ሌሎቹን ሰርዢያቸው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች።»

ነርሷ ትንሽ አየችኝና ሰረዘች። ምድር ቤት ደረጃ ስለሌለ የተሻለውም ያልተሻለውም እያነከሰ መጥቶ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የኪኒኑ ውጤት ከግማሽ እምብዛም አላለፈም። ለአሮጌው ኪኒን ከልቤ አዘንኩለት።

ታላቅ እህት አለችኝ። እናታችን ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም በአሮጌው ኪኒን እየታገዘች ሱቅ ትሄዳለች፣ ጎረቤት ትጠይቃለች። ያን መቶ በመቶ ያገኘሁ ዕለት በቀጥታ ቤቷ ሄድኩና ኪኒኑን ከመሳቢያዋ አንስቼ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ቅባቱን ሰጠኋት። ስሟንም በመዝገቡ መጨረሻ አስገባሁ፣ ያለ ዕጣ። ለእህት ዕጣ አይወጣም።

«ኧረ አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ በዚያው ተሽሎኛል» አለች።

«እትዬ፣ ያንቺ መሻል ስሜት ነው። የኔ ጥናት ነው።»

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አለችና ቅባቱን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ተምሯል ብላ ከልቧ የምታምነኝ እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት፣ የመጨረሻው ቆጠራ ቀን፣ ነርሷ ቢሮዬ ገባች።

«ዶክተር፣ እህትዎ ደረጃው ሥር ቁጭ ብለዋል። ጎረቤት ደግፎ ነው ያመጣቸው፤ እግራቸው እንቢ ብሏል።» መዝገቡን ከፈተች። «በገዛ ፈቃዳቸው አቋርጠዋል ልበል?»

ብትሰረዝ መቶ በመቶዬ ይተርፋል። ብትቆጠር ይበላሻል። እንዲህ ባለ ሰዓት ተራ ሰው ግራ ይጋባል፤ ተመራማሪ ግን ሦስተኛ መንገድ አያጣም። ወርጄ አዘልኳት።

«አውርደኝ! ሰው ምን ይላል?»

«ዝም በይ እትዬ፤ አንቺስ አዝለሽኝ የለ?»

«አንተን ማዘል ቀላል ነበር። ያኔ ገና አልተማርክም።»

ሁለተኛው ፎቅ ላይ የአንዳችን ጉልበት ቀጭ አለ። የኔ ነበር። እንደምንም ሦስተኛው ደርሰን ወንበር ላይ ሳስቀምጣት፣ ለነርሷ «ተገኝታለች፤ መሻሻል ታይቶባታል ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

«ምኔ ነው የተሻሻለው?» አለች እህቴ።

«ሦስተኛ ፎቅ ደርሰሻል እኮ።»

ጉልበቷን በመዳፏ ማሻሸት ጀመረች። እዚህ ላይ አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ፤ ግን ፈረምኩ።

በማግስቱ ውጤቱ የሚበሰርበት ጉባኤ በሦስተኛው ፎቅ አዳራሽ ተጠራ። እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ያበጠ ጉልበቴን ቅባት በቅባት አድርጌ፣ ንግግሬን ይዤ መጣሁ። አራት ደረጃ ወጣሁ። ከዚያ አራቱን በቂጤ ወረድኩና ደረጃው ሥር ተቀመጥኩ። ነርሷ መዝገቧን ይዛ ወረደች።

«ዳይሬክተሩ ‹የት ቀረ?› ሲሉ፣ በአንቀጽ ሰባት መሠረት በገዛ ፈቃዳቸው አቋርጠዋል አልኳቸው» አለችኝ። «ንግግሩን ይስጡኝ፣ እሳቸው ያንብቡት።»

ሰጠኋት። እሷ ስትወጣ እህቴ በጎረቤቷ ትከሻ ተደግፋ በበሩ ገባች፤ አጠገቤ ቀስ ብላ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«ኪኒኔን።»

ከኮቴ ኪስ አወጣሁላት። አንዱን ለራሷ ዋጠች፤ ጉልበቴን አየት አደረገችና አንዱን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከላይ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ለምኑ ነው እንዲህ የሚያጨበጭቡት?» አለች።

«ለቅባቱ ነው» አልኳት፣ ኪኒኔን እየዋጥኩ።