የንብረት ክፍሉ አማካሪ

በየመሥሪያ ቤቱ ሳይሾም የሚያማክር አንድ ሰው አይጠፋም። የሹመት ደብዳቤ የለው፣ ቢሮ የለው፤ ወረፋው ግን እሱ ደጃፍ ላይ ነው። ወላይታ ሶዶ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ እኚህ ሰው የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጋሽ ቦልቴ ነበሩ።

አዲሷ የኮሌጁ አማካሪ ቤቴል ይህን ያወቀችው ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ በመጣበት ዓመት ነው። በሳይኮሎጂ ተመርቃ፣ በሯ ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ አስለጥፋ ብትቀመጥ፣ ተማሪው ሰሌዳውን አንብቦ ወደ ንብረት ክፍል ያልፋል። በሦስተኛው ሳምንት ጉዱን ልታይ ሄደች።

አየችም። ጋሽ ቦልቴ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ምሳ በልተሃል?» ከዚያ ወዲያ ሥርዓት የሚባል ነገር የለም። ፈተና የወደቀውን፣ ከገሱባ የመጣውን ተማሪ የተሰበረ ወንበር ሰጥተው ምስማር ያስመቱታል። እጮኛዋ የተዋትን ፀደንያን የልጅነቷን ያስወሯታል። ከሚስቱ የተኳረፈውን መምህር መልካሙን ግን ዝም ብለው ያዳምጡታል፤ እሳቸው፣ ወሬ የሚወዱት፣ ዝም ብለው! ለአንዱ ይጸልያሉ፣ ሌላውን ተቆጥተው ሐኪም ቤት ይልኩታል።

«ጋሽ ቦልቴ፣ ይሄ እኮ ዝም ብሎ መቀላቀል ነው። አንድ ዘዴ መያዝ አለብዎት» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ሰውዬው ራሱ ተቀላቅሎበት እኮ ነው የሚመጣው።»

ቤቷ ገብታ መጽሐፏን ብትገልጥ፣ መምህሯ «ፈተና ላይ አይመጣም» ብሎ የዘለለው የመጨረሻው ምዕራፍ ይህንኑ ይላል። ርዕሱም «የተቀናጀ ምክር» ነው። በጣም ተናደደች።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ፣ የተጣላ ሁሉ ሲታረቅ፣ ቤቴል ራሷ ንብረት ክፍል ደጃፍ ወረፋ ያዘች። የኦርቶዶክስ ልጅ የሆነውን አድነውን በማግባቷ፣ አረካ ከተማ የሚኖሩት፣ የፕሮቴስታንት ወንጌላዊ ልጅ የሆኑት አባቷ አቶ ቦሼ ካኮረፏት ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል። የአማቻቸውን ስም አንድ ቀን እንኳ አልጠሩም። የተማረችውን ዘዴ ሁሉ በራሷ ላይ ሞክራለች፤ አንዱም አረካ አላደረሳትም።

«ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

ጋሽ ቦልቴ ንብረት ክፍሉን ቆልፈው ይዘዋት ሚኒባስ ተሳፈሩ። አሁን ይመክሩኛል ስትል፣ እሳቸው እቴ! ስለ ዝንጅብል ሲያወሩ አረካ ደረሱ።

አቶ ቦሼ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ጋሽ ቦልቴ ኮፍያቸውን አውልቀው በወላይትኛ አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ፦

«ይቺ ልጅ ምሳ አልበላችም።»

አባትየው ወደ ቤት ተጣሩ፦ «ቆጮ አቅርቡ! የቃሪያ ዳጣውንም አምጡት!» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አድነውስ የት ቀረ? እሱስ በልቷል?»

ቤቴል እያለቀሰች ሳቀች። ያን ቀን ጋሽ ቦልቴን የወደደቻቸውን ያህል አንድም መምህሯን ወዳ አታውቅም። ዞር ብላ ብትፈልጋቸው፣ እጃቸውን እየታጠቡ ነው።

«እኔም እኮ አልበላሁም» አሉ።