«አንዲት ፍሬ ምን ታደርጋለች?» ባዮች

«አንዲት ፍሬ ምን ታደርጋለች?» የሚሉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እዚህ ደብረ ማርቆስ ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ የእነሱ አለቃ ነበሩ። ኦቾሎኒ እንደማይስማማኝ ብነግራቸው ቅብጠት መሰላቸውና አድቅቀው በሶዬ ውስጥ ጨመሩት። ሁለቴ እንደጎረስኩ ከንፈሬ እንደ ዳቦ ተነፋ። በባጃጅ ሐኪም ቤት ያደረሱኝም ራሳቸው ናቸው፤ መንገዱን ሙሉ «ልጄ፣ ምን አደረግሁሽ?» ሲሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ተለወጡ ብል ታምኑኛላችሁ? ሐኪሙ «ፕሮቲን ግን አይቅርባት» ስላላቸው፣ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር የሽምብራ ቆሎ፣ የባቄላ አሹቅ፣ ፍስክ ከሆነም የተቀቀለ እንቁላል ይጠብቀኛል።

ባለፈው ሰርግ ላይ የቆሎውን ሳህን ከእጄ ወሰዱና አስተናጋጇን «ኦቾሎኒ አለው?» አሏት። ልጅቷ ሳቀች። እትዬ ዘውዴ ግን አልሳቁም፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ሽምብራ ፈትተው እጄ ላይ ዘረገፉልኝ።