ከግብርና ሠራተኛ የተደበቀ ሰው

አንባቢዬ፣ ከግብርና ሠራተኛ ተደብቀው ያውቃሉ? እኔ ተደብቄያለሁ፤ ያውም የልጆች አባት ሆኜ፣ በገዛ እንሰቴ ውስጥ!

ወደ ቀበሌያችን የተመደበችው ወርቅነሽ የምትባል ወጣት ነበረች። በየቤቱ እየዞረች "የዝናብ ውሃ ማቆሪያ ቆፍሩ" ትለናለች። እስቲ ይፍረዱኝ፤ ሚዛን ተፈሪ አካባቢ የሚኖር ሰው ዝናብ ያጠራቅማል? እኛ የምንለምነው ልብሳችን እንዲደርቅልን ነው!

አንድ ቀን ስትመጣ አይቼ እንሰቱ ውስጥ ገባሁ። እሷ ግን አልሄደችም። ከባለቤቴ ዶማ ተቀብላ ብቻዋን መቆፈር ጀመረች። እስከ መቼ ያስችለኛል? አፍሬ ወጣሁ።

"ጋሼ፣ እዚህ ነበሩ እንዴ?" አለችኝ ሳቋን አፍና።

"እንሰቱን እያየሁ ነበር።"

"እንግዲያው አፈሩን ያውጡልኝ።"

ጉድጓዱን በሳምንት ጨርሰን ከወረዳ በመጣ ወፍራም ላስቲክ አለበስነው። በዓመቱ ዝናቡ ቀረ። የልጆቼን ትምህርት ተስፋ የጣልኩበት የቡና ችግኝ ከዚያ ጉድጓድ እየጠጣ ከረመ፤ ለጎረቤቶቼም ችግኝ ተረፈ።

ማር ይዤ ቢሮዋ ሄድኩ። "ልጄ፣ ያን ቀን ተመልሰሽ ብትሄጂ ኖሮ ዛሬ ቡና አልነበረኝም። እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት።

"ልመለስ ነበር እኮ ጋሼ" አለችኝ። "እትዬ ናቸው 'እንሰቱ ውስጥ ነው ያለው፤ አንቺ ቆፍሪ፣ አፍሮ ይወጣል' ያሉኝ።"

ማሩን ለእሷ ሰጥቼ፣ የምስጋናውን ግማሽ ለባለቤቴ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።